አባ ሮበርት ሂው ቤንሰን፦ የዓለምን ፖለቲካ በእምነት ዓይን ያዩ ካህንና ደራሲ (1871–1914)

የቅዱሳንንና የሰማዕታትን ገድል ማንበብ ለክርስቲያን ሁሉ የተለመደ ነገር ነው። በዚህ እትም ሕይወታቸውን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ ሰው ግን ቅዱስ ተብለው አልታወጁም፤ በሰማዕትነትም አልሞቱም። ስለ ሰማዕታት ተጋድሎና ስለ መጨረሻው ዘመን ፈተና በጻፏቸው ልብ ወለድ መጻሕፍት የብዙዎችን ልብ የቀሰቀሱ እንግሊዛዊ ካቶሊካዊ ካህን ናቸው። ስማቸው አባ ሮበርት ሂው ቤንሰን ይባላል። ካረፉ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሆኖም በ1907 ያሳተሙት «የዓለም ጌታ» የተባለው መጽሐፋቸው በእኛ ዘመን ሁለት ርእሳነ ሊቃነ ጳጳሳት ሳይቀሩ ስሙን እየጠሩ ያነሱት ሥራ ነው። እኚህ አባት ማን እንደ ነበሩ፣ ምን እንደ ጻፉ፣ ጽሑፋቸውስ ለቁምስናችን ምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ምን እንደሚጠቅም አብረን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሊቀ ጳጳሱ ልጅ

ሂው ቤንሰን ኖቬምበር 18 ቀን 1871 በእንግሊዝ አገር፣ ዌሊንግተን ኮሌጅ በሚባለው ትምህርት ቤት ግቢ ተወለዱ። አባታቸው ኤድዋርድ ዋይት ቤንሰን በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ነበሩ። ኋላም በ1877 የትሩሮ ጳጳስ፣ ከ1883 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ደግሞ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ ይህም በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ የላቀው የክህነት ማዕርግ ነው። ሂው ከስድስቱ ልጆች የመጨረሻው ነበሩ። ቤቱ የመጻሕፍትና የብዕር ቤት ነበር፤ ወንድሞቻቸው አርተር ክሪስቶፈርና ኤድዋርድ ፍሬደሪክም እንደ እሳቸው ስመ ጥር ደራስያን ሆነዋል።

ሂው በኢተን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም በህንድ የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ለመሆን አስበው ፈተና ተቀመጡ፤ ግን አላለፉም። ስለዚህ ወደ ካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገቡ፤ በዚያም ሳሉ ሐሳባቸው ወደ ክህነት አዘነበለ። በ1895 በገዛ አባታቸው በሊቀ ጳጳሱ እጅ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካህን ሆነው ተሾሙ፤ የመጀመሪያ አገልግሎታቸውንም በምሥራቅ ለንደን ድኾች መካከል ፈጸሙ።

በ1896 አባታቸው በድንገት ዐረፉ። የሊቀ ጳጳሱ ሞት ለቤተ ሰቡ ታላቅ ኀዘን ሆነ፤ የሂውም ጤና ታወከ። ሐኪሞች ባዘዟቸው መሠረት ወደ ግብጽና ወደ ቅድስት ሀገር ተጓዙ። በዚያ ጉዞ አንድ ጥያቄ በልባቸው ገባ። በአገራቸው ታላቅና የተከበረች ሆና ያይዋት የነበረችው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝ ምድር ውጭ የእንግሊዛውያን መንገደኞች ብቻ ሆና ታየቻቸው። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ግን በየደረሱበት፣ በትንሹም መንደር ሳይቀር፣ የዚያው አገር ሰዎች ቤት ሆና አገኟት። ጥያቄው በአንድ ቀን አልተመለሰም፤ ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ።

ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን

ከጉዞው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1898፣ በሚርፊልድ ወደሚገኘው የአንግሊካን ገዳማዊ ማኅበር ገቡ። በዚያ የጸሎትና የስብከት ሕይወት ደስ ብሏቸው ኖሩ፤ ስለ ማኅበሩም እስከ ሞታቸው ድረስ በፍቅርና በምስጋና ይናገሩ ነበር። ጥያቄው ግን አልለቀቃቸውም። ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያኑ የማስተማር ሥልጣን ከሰጠ፣ ይህ ሥልጣን ዛሬ የት ይገኛል? ስለ ምሥጢራትና ስለ ዶግማ ሁለት ጳጳሳት የሚቃረን ትምህርት ቢያስተምሩ ምእመን ማንን ይስማ? ብዙ መጻሕፍት አነበቡ፤ እናታቸውን አማከሩ፤ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የተከበሩ ሊቃውንትንም ጠየቁ። በመጨረሻ መልሱን በጴጥሮስ መንበር አገኙት። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1903 በዉድቸስተር በሚገኘው የዶመኒካውያን ገዳም ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ።

ይህ እርምጃ ምን ያህል እንዳስከፈላቸው ለመረዳት የማን ልጅ እንደ ነበሩ ማስታወስ ይበቃል። አባታቸው ከሞቱ ገና ሰባት ዓመት ነበር። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ልጅ ወደ ሮማ መሄድ በመላው እንግሊዝ አገር መነጋገሪያ ሆነ፤ የነቀፌታ ደብዳቤም ጎረፈላቸው። አንዳንዱ ከዳተኛ፣ አንዳንዱ ስሜተኛ፣ አንዳንዱም የአባቱን መቃብር ያዋረደ ልጅ አድርጎ ቈጠራቸው። እናታቸው ግን የልጃቸውን ሐሳብ ባይካፈሉም ፍቅራቸውን አልነሷቸውም። ቤንሰንም በበኩላቸው የእናታቸውን እምነት አላቃለሉም፤ እስከ መጨረሻው የእናትና የልጅ ፍቅራቸው አልቀዘቀዘም። በአንድ ቤት ሁለት እምነት በሚገኝበት በማንኛውም አገር ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ምሳሌ ይመስለናል።

ከዚያ ወደ ሮማ ሄደው በ1904 የካቶሊክ ካህን ሆነው ተቀቡ። ወደ አገራቸውም ተመልሰው በካምብሪጅ ከተማ እያገለገሉ መጻፍ ጀመሩ። በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ይንተባተቡ የነበሩት እኚህ ሰው በመስበኪያው ላይ ሲቆሙ ግን አንደበታቸው ይፈታ ነበር፤ ሕዝቡም ስብከታቸውን ለመስማት ቤተ ክርስቲያኑን ይሞላው ነበር።

በስደት ዘመን ላይ የተመሠረቱ ልብ ወለዶች

አባ ቤንሰን በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከዐሥራ አምስት የማያንሱ ልብ ወለዶችን ጽፈዋል። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ በደረሰው የሃይማኖት መከፋፈል ላይ ያተኮሩ ነበሩ። «በማን ሥልጣን?» የተባለው በ1904፣ የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛን ዘመን የሚተርከው «የንጉሡ ድል» ደግሞ በ1905 ታተሙ። በሁለተኛው ውስጥ የአንድ አባት ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች እናያለን። አንዱ መነኵሴ ሆኖ ገዳም ይገባል፤ ሌላው ደግሞ ገዳማትን የሚያፈርሰው የቶማስ ክሮምዌል ባለሟል ይሆናል። ደራሲው የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ግጭት በአንድ ቤት ማዕድ ዙሪያ ምን እንደሚመስል በዚህ አሳይተዋል።

ከዚህ ወገን እጅግ የታወቀው በ1912 የወጣው ሥራቸው ነው፤ ርእሱ ስቃይም ይምጣ ገመድም ይምጣ እንደ ማለት ነው። ታሪኩ በዳርቢሸር አውራጃ በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን ይፈጸማል። ሮቢንና ማርጆሪ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ይዋደዳሉ። የሮቢን አባት ለእምነቱ ብዙ ቅጣት ከከፈለ በኋላ ተሰላችቶ ለመንግሥቱ ሃይማኖት እጁን ይሰጣል። ልጁ ግን ፍቅሩን ትቶ ወደ ባሕር ማዶ ይሻገራል፤ ካህን ሆኖም በስውር ይመለሳል። ማርጆሪም ቤቷን ለተሳደዱ ካህናት መሸሸጊያ ታደርጋለች። ሰላዮች፣ የሐሰት ስሞች፣ በግድግዳ ውስጥ የተሠሩ መደበቂያዎች፣ በሌሊት የሚፈጸም ቅዳሴ፣ በንግሥቲቱ ላይ የሚዶለት ሤራ ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ ስላሉ አንባቢ በአንድ ትንፋሽ ያነበዋል።

ይህ ሁሉ ግን ከአእምሮ ብቻ የፈለቀ አልነበረም። በ1581 የወጣው ሕግ በመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አምልኮ ላይ የማይገኝን ሰው በወር 20 ፓውንድ ያስቀጣ ነበር፤ ይህም ባለጠጋውን እንኳ የሚያደኸይ ገንዘብ ነው። በ1585 የወጣው ደግሞ በውጭ አገር ተቀብቶ የተመለሰን ካህን በአገር ክህደት በሞት ይቀጣ ነበር። በ1586 የተገለጠው የአንቶኒ ባቢንግተን ሤራ፣ በ1587 የተፈጸመው የስኮትላንድ ንግሥት የሜሪ ስቱዋርት አንገት መቀላትም የታወቀ ታሪክ ነው። በጁላይ ወር 1588 ኒኮላስ ጋርሊክና ሮበርት ለድላም የተባሉ ሁለት ካህናት በፓድሊ ከሚገኝ የአንድ ካቶሊካዊ ቤተ ሰብ ቤት ተይዘው፣ ሪቻርድ ሲምፕሰን ከተባለ ሌላ ካህን ጋር በዳርቢ ከተማ ተገደሉ። ሦስቱም በ1987 ብፁዓን ተብለው ታውጀዋል።

አባ ቤንሰን በእነዚህ መጻሕፍት አንድ ከባድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሣሉ። መንግሥት ካህኑን የሚከሰው ስለ ሃይማኖቱ እንደ ሆነ አይናገርም፤ ለአገሩ ታማኝ አይደለም ብሎ ነው የሚከሰው። በሌላ በኩል እንደ ባቢንግተን ያሉ ወጣቶች ሃይማኖታቸውን ለማዳን ሰይፍ ይመዝዛሉ፤ በዚህም ንጹሓኑን ካህናት ለጠላት ክስ አሳልፈው ይሰጧቸዋል። በእውነተኛ ምስክርነትና በፖለቲካ ሤራ መካከል ያለው ድንበር ይህ ነው፤ ደራሲውም ድንበሩን አላደበዘዙትም።

በእውነት ሚዛን ሲታይ ይህን ማከል ያስፈልጋል። ከኤልሳቤጥ በፊት በነገሠችው በካቶሊካዊቷ ንግሥት ሜሪ ዘመን፣ ከ1555 እስከ 1558፣ ሦስት መቶ ገደማ የሚሆኑ ፕሮቴስታንቶች በእሳት ተቃጥለዋል። አባ ቤንሰን ስለዚህች ንግሥት በ1906 የጻፉት መጽሐፍ ይህን ኀዘን አልሸሸገም፤ ነገር ግን ዛሬ የሚያነበው ሰው የተቃጠሉት ድምፅ ከዚያ የበለጠ ሊሰማ ይገባው ነበር ቢል አይፈረድበትም። ደራሲው የጻፉት ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ለውይይት ገና ባልተቀመጡበት ዘመን ነው። ጳውሎስ ስድስተኛና የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ማይክል ራምሲ በ1966 በሮማ ተገናኝተው በወንድማማችነት መንፈስ የጋራ መግለጫ ከፈረሙ ወዲህ ግን እኛ እነዚህን መጻሕፍት የምናነባቸው ቂም ለማደስ አይደለም፤ ሕሊና በመንግሥት ሲገደድ ምን እንደሚሆን ለመማር ነው።

«የዓለም ጌታ»

አባ ቤንሰን ያለፈውን ከጻፉ በኋላ ዓይናቸውን ወደ ወደፊቱ መለሱ። በካምብሪጅ ሳሉ የጻፉትና በ1907 የታተመው «የዓለም ጌታ» ከእሳቸው ዘመን አንድ መቶ ዓመት ያህል ወደ ፊት ተሻግሮ የሚተርክ የፖለቲካ ልብ ወለድ ነው። ዓለም ሦስት ታላላቅ ኃይላት ሆና ተከፍላለች፤ ምሥራቅ፣ አውሮጳና አሜሪካ። ሰዎች በአየር መርከብ ይጓዛሉ፤ ከተሞች ንጹሓን ናቸው፤ ሥርዓት አለ። ሃይማኖት ግን ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። በቦታው ሰው ራሱን የሚያመልክበት የሰብአዊነት እምነት ተተክሏል። የቀረችው ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ናት፤ እርስዋም ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነች፣ ካህናቷም ሳይቀሩ እየከዷት ትሄዳለች።

በምሥራቅና በምዕራብ መካከል የሚያስፈራ ጦርነት ሊነሣ ሲል ጁሊያን ፌልሰንበርግ የተባለ አንድ አሜሪካዊ ድንገት ብቅ ይላል። ብዙ ቋንቋ ይናገራል፤ መልኩ ያማረ፣ ንግግሩ የሚማርክ ነው፤ ከየት እንደ መጣ ግን የሚያውቅ የለም። ጦርነቱን ያስቀራል፤ ሕዝቡም በደስታ ሰክሮ ሥልጣንን ሁሉ በእጁ ያስረክበዋል። የሚያስደነግጠው ነገር ይህ ነው፤ ይህ ሰው ሰላምን አምጥቷል። ሰላም ያመጣን ሰው ማን ይቃወማል?

ለዚህ ሰው ከሚሰግዱት መካከል ኦሊቨር ብራንድ የሚባል የምክር ቤት አባልና ሚስቱ ሜብል ይገኛሉ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሜብል ደግ፣ ርኅሩኅ፣ እውነትን የምትወድ ሴት ናት። የኦሊቨር አሮጊት እናት ግን በልጅነታቸው የነበሩበትን የካቶሊክ እምነት በሞት አልጋ ላይ ሆነው ይናፍቃሉ፤ አባ ፐርሲ ፍራንክሊን የተባለ ካህንም በስውር ይጎበኛቸዋል። በዚያ ዘመን ሕመምተኛ ሲሠቃይ ሐኪሞች ሕይወቱን ያሳጥሩለታል፤ ይህም ምሕረት ይባላል። አደጋ በደረሰበት ስፍራ ቁስለኞቹን ለማዳን ሳይሆን ለመግደል ፈጥነው የሚደርሱ ሹማምንት አሉ። ደራሲው ይህን የጻፉት በ1907 መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

ከዚህ በኋላ አዲሱ አምልኮ በሕግ ግዴታ ይሆናል። ለዚያ አምልኮ ሥነ ሥርዓት የሚያዘጋጀው ሌላ ሰው አይደለም፤ እምነቱን የካደ የአባ ፐርሲ የቀድሞ ባልንጀራ ካህን ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ካቶሊካውያን ትዕግሥታቸው ያልቅና አምልኮው በሚፈጸምበት በዌስትሚንስተር ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ላይ ፈንጂ ለማፈንዳት ይዶልታሉ። አባ ፐርሲ ሤራውን ሲሰማ ለማስቀረት ይሮጣል፤ ነገሩ ግን አስቀድሞ ተገልጧል። ፌልሰንበርግም የተዘጋጀለትን ምክንያት ያገኛል። የአየር መርከቦች ይነሣሉ፤ ሮማ ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቷ ጋር ትደመሰሳለች። ሃይማኖትን በፈንጂ እናድናለን ያሉት ሰዎች ለጠላታቸው የሚፈልገውን ሁሉ ሰጡት።

ሜብል ይህን ጭካኔ ስታይ ልቧ ይሰበራል። ሰላም ብላ ያመነችበት ነገር ፊቱን አዙሮ ደም ሲጠጣ አየች። ሆኖም ወደ እግዚአብሔር የሚወስደውን መንገድ ማንም አላስተማራትምና ዓለሟ የሚያቀርብላትን ያንኑ የምሕረት ሞት መረጠች። እንደሚመስለን በመጽሐፉ ውስጥ ከሮማ መደምሰስ ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ክርስቲያኖች በአጠገቧ ነበሩ፤ ወንጌልን ግን በጊዜው የነገራት አልነበረም።

አባ ፐርሲ በመጨረሻ ሲልቬስተር ተብሎ የቀሪዎቹ ጥቂት ምእመናን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ይሆናል፤ ጌታችን ባደገበት በናዝሬትም ተሰውሮ ይኖራል። እዚያም በቅርቡ ባልንጀራ ይከዳል። የጠላት መርከቦች ሲመጡ ቤተ ክርስቲያን በቅዱስ ቁርባን ፊት ተንበርክካ ትዘምራለች፤ መጽሐፉም በዚያው ያበቃል።

መጽሐፉና እውነተኛው ዓለም

አባ ቤንሰን ይህን ሁሉ ከየት አመጡት? ቢያንስ ከሦስት ምንጮች ነው ለማለት ይቻላል። አንደኛው የፈረንሳይ አብዮት ነው፤ በ1793 የፓሪስ ኖትር ዳም ካቴድራል የአእምሮ አምልኮ ቤተ መቅደስ ተደርጎ ነበር። ሁለተኛው በ1857 የሞተው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት የመሠረተው የሰብአዊነት ሃይማኖት ሲሆን፣ በእንግሊዝም ተከታዮች ነበሩት። ሦስተኛው መጽሐፉ ሊጻፍ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1905፣ ፈረንሳይ ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን ስትለያይ የተነሣው ብርቱ ክርክር ነው። ስለዚህ ደራሲው ነቢይ ነኝ አላሉም። በዘመናቸው የዘራውን ዘር አይተው፣ ሳይነቀል ቢያድግ ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚሆን ነው የሣሉት። ሌላውን ወገን ደግሞ በ1911 በታተመ «የሁሉ ንጋት» በሚል መጽሐፍ አሳዩ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ብዙ አንባብያን ተስፋ መቁረጣቸውን ቢሰሙ፣ የዓለም አካሄድ በተቃራኒው ወደ እምነት ቢመለስ ምን ይሆናል በማለት ጻፉት።

ከእሳቸው በኋላ ዓለም ያየውን እናውቃለን። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። በ1917 በሩሲያ እግዚአብሔር የለም የሚል መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ከ1926 ጀምሮ በሜክሲኮ፣ ከ1936 ጀምሮ በስፔይን ብዙ ካህናት ተገደሉ። ለአንድ መሪ አምልኮ የሚመስል ክብር ሲሰጥ በጀርመንም በሌላም አገር ታይቷል። ሕመምተኛን በሐኪም እጅ መግደልም በ2002 በኔዘርላንድስና በቤልጅየም ሕጋዊ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎችም አገሮች ተከትለዋቸዋል።

ያልደረሰም አለ። አምባገነኖቹ መንግሥታት የመጡት በሰላም አልነበረም፤ ዓለምም በአንድ ሰው እጅ አልወደቀችም። ሃይማኖት በአውሮጳ ሲቀንስ በአፍሪቃና በእስያ ግን በዛ፤ ይህን አባ ቤንሰን አላሰቡትም ነበር። እንግዲህ መጽሐፉን እንደ ቀን መቍጠሪያ ይዞ ይህ ትንቢት ተፈጸመ፣ ያኛው ቀረ እያሉ መቍጠር አይገባም።

ሊቃነ ጳጳሳት መጽሐፉን ያነሡት እንዲህ ባለ ስሜት አልነበረም። ካርዲናል ዮሴፍ ራትሲንገር፣ በኋላ በነዲክቶስ ዐሥራ ስድስተኛ፣ በ1992 በሚላኖ በሚገኘው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር ስሙን ጠቅሰውታል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2013 በስብከታቸው፣ በ2015 ከፊሊፒንስ ሲመለሱ በአውሮፕላን ውስጥ ለጋዜጠኞች፣ በ2023 ደግሞ በቡዳፔስት አንሥተውታል። የሁለቱም ሥጋት አንድ ነው። አሕዛብን ሁሉ አንድ ዓይነት የሚያደርግ፣ ባህላቸውንና እምነታቸውን የሚያጠፋ፣ ነገር ግን በዕድገትና በሰላም ስም የሚመጣ ኃይል አለ፤ ክርስቲያንም በዚህ እንዳይታለል መጠንቀቅ አለበት።

ሥራ፣ ድካምና ዕረፍት

አባ ቤንሰን ከ1908 ጀምሮ በሃርትፎርድሸር አውራጃ በሄር ስትሪት መንደር በገዙት አሮጌ ቤት ኖሩ። ቤቱን በገዛ እጃቸው በእንጨት ቅርጽና በጥልፍ አስጌጡት፤ ጸሎት ቤትም አዘጋጁለት። ጠዋት ቀድሰው ይጽፋሉ፤ ለስብከት ወደ ሮማና ወደ አሜሪካ ሳይቀር ይጓዛሉ፤ ከሩቅ ለሚጽፉላቸው ብዙ ነፍሳት በደብዳቤ ምክር ይሰጣሉ። በ1911 የሞንሲኞርነት ማዕርግ ተሰጣቸው።

ጕድለት ያልነበረባቸው ሰው አልነበሩም። ችኵል ነበሩ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ይጀምራሉ፤ ዕረፍት አያውቁም። «ሐድሪያን ሰባተኛ» የተባለውን ልብ ወለድ ከደረሰው ከፍሬደሪክ ሮልፍ ጋር የጠበቀ ወዳጅነት ነበራቸው፤ ስለ ቅዱስ ቶማስ በከት በጋራ መጽሐፍ ሊጽፉ ከተስማሙ በኋላ ግን የሮልፍ ስም እንዳይወጣ ባሳሰቡ ጊዜ ወዳጅነቱ በመራራ ጠብ ፈረሰ። ከልብ ወለዶቻቸውም አንዳንዶቹ በጥድፊያ የተጻፉ መሆናቸው ይታወቃል። እኛ ይህን የምናነሣው ለመንቀፍ አይደለም፤ እግዚአብሔር ሥራውን ፍጹማን ባልሆኑ ሰዎች እጅ እንደሚሠራ ለማስታወስ ነው።

በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ለወታደሮችና ለቤተ ሰቦቻቸው የሚሆን የጸሎት መጽሐፍ አዘጋጁ። በዚያው ዓመት መጸው በሳልፎርድ ከተማ ለስብከት እንደ ሄዱ ታመሙ፤ ኦክቶበር 19 ቀንም በሳልፎርድ ጳጳስ ቤት ምሥጢራትን ተቀብለው በ42 ዓመታቸው ዐረፉ። በሄር ስትሪት ተቀበሩ፤ ቤታቸውንም ለዌስትሚንስተር ሊቀ ጳጳስ አወረሱ።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ዛሬ ወጣቶቻችን ስለ ዘመን ፍጻሜ የሚናገሩ ልብ ወለዶችንና ፊልሞችን ያያሉ። ከ1995 ጀምሮ በአሜሪካ ወጥተው በመላው ዓለም የተሠራጩ፣ ምእመናን አስቀድመው ከመከራው ተነጥቀው እንደሚወጡ የሚተርኩ ተከታታይ መጻሕፍትም አሉ። የአባ ቤንሰን መጽሐፍ ከእነዚህ የሚለየው በአንድ ታላቅ ነገር ነው። በእሳቸው መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያን ከመከራው አታመልጥም፤ ጌታዋን ተከትላ በመከራው ውስጥ ታልፋለች። ይህም በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 675 እና በተከታዮቹ ከሚያስተምረው ጋር ይስማማል። በዚያ እንደ ተገለጸው ከሁሉ የሚከፋው የመጨረሻ ማታለያ ሰው ራሱን በእግዚአብሔር ቦታ የሚያከብርበት የሐሰት መሲሕነት ነው፤ የእግዚአብሔር መንግሥትም በታሪክ ውስጥ በፖለቲካ ኃይል ትፈጸማለች የሚለውን አስተሳሰብ ቤተ ክርስቲያን አትቀበልም።

እንግዲህ ከእኚህ አባት ሦስት ነገር ብንይዝ መልካም ነው። የመጀመሪያው፣ ክፋት ሁልጊዜ ሰይፍ ይዞ አይመጣም፤ ምቾትና ሰላም ይዞ ሊመጣም ይችላልና፣ የቀረበልንን ሰላም እግዚአብሔርን ትታችሁ ውሰዱ የሚል መሆን አለመሆኑን እንመርምር። ሁለተኛው፣ እምነት በዓመፅ አይጠበቅም፤ በፈንጂ የሚከላከላት ሰው ያፈርሳታል። ሦስተኛው፣ በአጠገባችን እንደ ሜብል ያሉ ቅን ሰዎች ይኖራሉ፤ ሌሎችን ይወዳሉ፣ እውነትን ይፈልጋሉ፣ ግን ወንጌልን የነገራቸው የለም። እነርሱ ተስፋ ከመቍረጣቸው በፊት ወደ እነርሱ መድረስ የካህናት ብቻ ሥራ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ምእመን ዕዳ ነው።

አባ ቤንሰን የዓለምን ጌታ በጻፉ ጊዜ ዐይናቸው በፌልሰንበርግ ላይ አልቀረም። የመጽሐፉ ፍጻሜ በቅዱስ ቁርባን ፊት መሆኑ ይህን ያስረዳል። መንግሥታት ይነሣሉ፣ ይወድቃሉም፤ በመንበሩ ላይ ያለው ጌታ ግን አንድ ነው። ይህን እምነት በቁምስናችን፣ በቤታችንና በትምህርት ክፍላችን ጠብቀን ለልጆቻችን እንድናስተላልፍ የእግዚአብሔር ጸጋ ይርዳን።